ትኩስ አትክልትንና የዱቄት ጁስን ስናነጻጽር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች አካባቢ፣ በጉሊት መደብ ላይ የተደረደረው እስር ጎመንና በሱቅ በር ላይ የተንጠለጠለው የዱቄት ጁስ ጎን ለጎን ይሸጣሉ። ብዙ ቤተሰብ ጎመኑን ለወጥ፣ ጁሱን ደግሞ ለልጆች «ቫይታሚን» ብሎ ይገዛል። ሁለቱን ሲያነጻጽሩ የሚፈጸሙት ስህተቶች ግን ጥቂት አይደሉም።

የመጀመሪያው በክብደት እኩል አድርጎ ማወዳደር ነው። ከ100 ግራም ጥሬ ጎመን ውስጥ 90 ግራም ያህሉ ውኃ ሲሆን ዱቄቱ ግን ደረቅ ነው፤ ስለዚህ በ100 ግራም የተሰላ ሠንጠረዥ ዱቄቱን ያለ አግባብ ያገዝፈዋል። መወዳደር ያለበት አንድ ብርጭቆ ጁስ ከአንድ ጭልፋ ጎመን ጋር ነው። ብርጭቆውም በመመሪያው መሠረት የተበጠበጠ መሆን አለበት፤ ለአንድ ሊትር የተዘጋጀ ፓኬት እንግዳ ሲበዛ በሦስት ሊትር ውኃ ከተበጠበጠ፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው መጠን በየብርጭቆው ወደ ሲሶ ይወርዳል።

ከዚህ የሚብሰው በቫይታሚን ሲ ብቻ መፍረድ ነው። በዚህ ረገድ ዱቄቱ ብዙ ጊዜ ከበሰለ ጎመን ሊበልጥ ይችላል፤ ፋብሪካው ቫይታሚኑን ጨምሮበታልና። ነገር ግን 100 ግራም ጥሬ ጎመን 4 ግራም ያህል አሠር እና 230 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም ሲይዝ፣ በዱቄት ጁስ ውስጥ አሠር የለም ማለት ይቻላል። በማሸጊያው የይዘት ዝርዝር መጀመሪያ ላይ የሚጻፈው በክብደት የሚበልጠው ንጥረ ነገር ነው፤ በብዙዎቹ ማሸጊያዎች ላይ ደግሞ ቀዳሚው ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው የተጨመረ ስኳር ጣሪያ በቀን 50 ግራም ያህል ነው። ለነገሩ ቫይታሚን ሲ የተፈለገ እንደሆነ፣ አንድ ጥሬ ቃሪያ ከእንጀራ ጋር መብላት የቀኑን ፍላጎት ለመሸፈን ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ለአትክልቱ የሚያደላም ስህተት አለ፤ እርሱም የጥሬውን ቁጥር ለበሰለው መስጠት ነው። ጎመን ተቀቅሎ ውኃው ሲደፋ ቫይታሚን ሲ እና ፖታሲየም አብረው ይደፋሉ። ቫይታሚን ኬ ግን በአብዛኛው ይቀራል፤ ሰውነት በደንብ እንዲወስደውም ዘይት ያስፈልገዋል።

በአካባቢያችን በጥብቅ ሊታሰብበት የሚገባው ግን የማሳው ጉዳይ ነው። በአቃቂ ወንዝ ዳር በመስኖ በሚለማ አትክልት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ እርሳስና ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ማጠብ አፈርንና ተሐዋስያንን ይቀንሳል እንጂ ሥሩ የሳበውን ብረት አያወጣም። ይህ ወደ ዱቄቱ ለመዞር ምክንያት አይሆንም፤ ይልቁንም ሻጯን ጎመኑ የመጣው ከየትኛው ማሳ እንደሆነና የሚጠጣውም የጉድጓድ ወይስ የወንዝ ውኃ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅን ይጠይቃል።