በሥልጠና ጉዞ ላይ የሚያጋጥሙ የብስክሌት ካቴና ችግሮች፦ ምልክት፣ መንስኤ፣ መፍትሄ

ከአዳማ በአዋሽ መልካሳና በዴራ በኩል ወደ ኢተያ የሚወጣው መንገድ የካቴናን ጉድለት ሁሉ ያጋልጣል። ሜዳው ላይ ድምፁን አጥፍቶ የቆየ ካቴና፣ አቀበቱ ጀምሮ ብስክሌተኛው ከመቀመጫው ብድግ ሲልና ፔዳሉን በሙሉ ክብደቱ ሲረግጠው ያመልጠዋል። ይህ ጽሑፍ ባለ ማርሽ ብስክሌት ይዘው ለሚሠለጥኑ ሰዎች የቀረበ ስለሆነ፣ ከጉዞ በፊት የሚደረገው የተለመደ ፍተሻ እንደሚታወቅ ተቆጥሮ ታልፏል።

ሲረገጥ የሚዘል ካቴና

ቀስ ብለው ሲነዱ ምንም ችግር የለም፤ አቀበት ላይ ወይም የአዳማን ነፋስ ፊት ለፊት ይዘው ሲታገሉ ግን ፔዳሉ ድንገት ከእግር ሥር ይሸሻል፣ «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ካቴናውም አንድ ጥርስ ዘሎ ይይዛል። ለጥገና የሚመጡት ብስክሌቶች አብዛኞቹ ይህን ችግር ይዘው ነው የሚመጡት። ባለቤቶቻቸውም አስቀድመው የማርሽ ቀያሪውን ብሎኖች ነካክተው ስለሚያመጧቸው አንድ የነበረው ችግር ሁለት ሆኖ ይደርሳል።

መጀመሪያ መታየት ያለበት አዘላለሉ ነው። ዝላዩ በየትኛውም ጥርስ (ማለትም ባለ ጥርስ ክብ ብረት) ላይ፣ በቀስታ ሲረገጥም ጭምር፣ እኩል ርቀት እየጠበቀ የሚመላለስ ከሆነ አንድ መጋጠሚያ ደርቋል ማለት ነው፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞሩ በማርሽ ቀያሪው ትንሽ መዘውር ላይ ሳይታጠፍ የሚያልፈውን መጋጠሚያ መለየት፣ ከዚያም በሁለት እጅ ይዞ ወደ ጎን ወዲያና ወዲህ ቀስ አድርጎ ማላላት ይበቃል። ካቴናው በሁለት ጥርሶች መካከል እየተንኳኳ የሚዋልል ከሆነ ጉዳዩ የማርሹ ገመድ ነውና ማስተካከያውን ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር እያሉ መሞከር ነው። በኃይል ሲረገጥ ብቻ፣ ያውም አዘውትረው በሚነዱባቸው ጥርሶች ላይ ብቻ የሚዘል ከሆነ ግን ካቴናው ወይም ጥርሱ አልቋል፤ ምንም ዓይነት ብሎን አያድነውም።

በአዲስ ካቴና ላይ ከአንዱ ፒን መሐል እስከ ቀጣዩ ፒን መሐል ያለው ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ካቴና የሚረዝመው ብረቱ ተስቦ ሳይሆን ፒኖቹና ፒኖቹ የሚሽከረከሩባቸው ቀዳዳዎች ተፋቅተው ክፍተት ሲፈጠር ነው። የረዘመው ካቴና ከጥርሱ ሥር በመቀመጥ ፈንታ ወደ ጫፉ ስለሚወጣ ጥርሱንም በራሱ ልክ ይበላዋል። ለመለካት የብረት ማስመሪያ ይበቃል፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ግን ራሱ ስለሚለጠጥ አይታመንም። በአዲስ ካቴና ላይ ከፒን እስከ ፒን ያሉ 24 ተከታታይ ርቀቶች በድምሩ 304.8 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። ከኋላ 11 ወይም 12 ባለ ጥርስ ክብ ብረቶች በተደረደሩበት ብስክሌት ልኬቱ 306.3 ሲደርስ፣ ከ8 እስከ 10 በተደረደሩበት ደግሞ 307 ሲሞላ ካቴናው ይቀየራል። 308 ገደማ ከደረሰ የኋላ ጥርሶቹም አብረው ሳይበሉ አይቀሩም።

ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። አንድ ወጣት ተወዳዳሪ «አዲስ ካቴና አስገጥሜ ጭራሽ ባሰበት» እያለ መጣ፤ ሻጩም ካቴናው ብልሽት አለበት ብሎ ሌላ አዲስ ቀይሮለት ነበር፤ እሱም ዘለለ። ካቴናዎቹ ሁለቱም ጤነኞች ነበሩ። መንጠቆ በሚመስል የተበላ ጥርስ ላይ ትክክለኛ ልክ ያለው ካቴና ሊቀመጥ አይችልም፤ አሮጌው ግን አብሮ ስላለቀ ይስማማዋል። መፍትሄው የኋላ ጥርሶቹንም አብሮ መቀየር ነው። ካቴናውን በጊዜው የሚቀይር ሰው ግን በአንድ የኋላ ጥርስ ሁለትና ሦስት ካቴና ሊጨርስ ይችላል።

ይህን ሁሉ የሚያፋጥነው ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ነው። ዘይቱ ከሞተሩ የተፋቀ ብረትና ጥላሸት ይዞ ይመጣል፤ በአዳማ ዙሪያ ያለው ነጣ ያለ የእሳተ ገሞራ አቧራ ሲጨመርበት ሞረድ ይሆናል። ግራሶም አይሻልም፤ ከውጭ ተለጥፎ አቧራ ይሰበስባል እንጂ ፒኑ ድረስ አይገባም። ካቴናውን በናፍጣ ወይም በላምባ በብሩሽ አጥቦ፣ በጨርቅ ጠርጎ፣ በደንብ አድርቆ፣ በየተሽከርካሪው ቀለበት ላይ በውስጥ በኩል አንዳንድ ጠብታ ንጹሕ ቀጭን ዘይት ማድረግ፣ ጥቂት ቆይቶም ከውጭ የቀረውን ሙልጭ አድርጎ መጥረግ ያስፈልጋል፤ ከላይ የቀረ ዘይት አቧራ ከመሳብ ሌላ ሥራ የለውም። ሳይደርቅ ዘይት አይጨመር። በቤንዚን አይታጠብ፤ በተለይ ቡና እየተፈላ ከሰሉ በቀላበት ግቢ ውስጥ ፈጽሞ አይሞከር። ዘይቱም ፍሬን በሚይዝበት ብረት ላይ አይንጠብ።

መንገድ ላይ ከጀመረ ቁጭ ብሎ መንዳት፣ ብዙ ያልተነዳበትን ተለቅ ያለ የኋላ ጥርስ መምረጥና ወደ ቤት መመለስ ነው። ቆሞ መርገጥ ጥርስ ያስወልቃል፤ የብስክሌቱን ጥርስ ማለት አይደለም።

የተበጠሰ ካቴና

ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው በኃይል እየተረገጠ ማርሽ ሲቀየር ወይም ተገፍቶ የወጣ ፒን ተመልሶ ከተመታበት ቦታ ነው። በቀጫጭኖቹ ካቴናዎች የፒኑ ጫፍ በፋብሪካ የተቀጠቀጠ ስለሆነ አንዴ ከወጣ በኋላ ቢመለስ ላሜራውን አይዝም። በምስማርና በድንጋይ ተመትቶ «ተሠርቷል» የተባለ ካቴና ኢተያ ሳይደርስ ተከፍቶ ባለቤቱን ከነብስክሌቱ አስፋልት ላይ አንጥፎታል። የሠራለት ሰው ገንዘቡን ተቀብሏል።

የሚያዋጣው በእጅ የሚገጠም ማያያዣና ትንሽ የካቴና መፍቻ በኪስ መያዝ ነው። ማያያዣው ከኋላ ከተደረደሩት ክብ ብረቶች ቁጥር ጋር መመሳሰል አለበት፤ የ8 ማያያዣ በ11 ካቴና ላይ አይገባም፤ «ሁሉም አንድ ነው» የሚል ሻጭ አይሰማ። የተጎዳውን ክፍል አውጥቶ ማያያዣውን ካስገቡ በኋላ ወደ ላይኛው የካቴና መስመር አምጥቶ፣ የኋላውን ፍሬን ይዞ፣ ፔዳሉን ጠንከር አድርጎ ሲጫኑት ይቆለፋል። ካቴናው ስላጠረ ትልቁን የፊት ጥርስ ከትልቁ የኋላ ጥርስ ጋር ማገናኘት ማርሽ ቀያሪውን ሊገነጥል ስለሚችል ይህን መተው ነው።

የወለቀ ካቴና

ከፊት ወደ ውስጥ ከወደቀ ርግጫውን አላልቶ፣ ማርሹን ወደ ትልቁ የፊት ጥርስ እየቀየሩ በቀስታ መርገጥ ብዙ ጊዜ ሳይወርዱ ይመልሰዋል። ከኋላ ወደ ጎማው ሽቦዎች ከገባ ግን ወዲያው መቆም ነው፤ አንድ ርግጫ እንኳ መጨመር አያስፈልግም። ከሚኒባስ ጣሪያ ላይ የወረደ ብስክሌት ይህን ካደረገ፣ ማርሽ ቀያሪው የታሰረበት ትንሽ ብረት ጣሪያው ላይ ሳይጣመም አልቀረም፤ እሱ ሳይቃና የገደብ ብሎኖቹን (ካቴናው ከዳር እንዳያልፍ የሚገድቡትን) ማዞር ከንቱ ድካም ነው። ሲጫን የማርሹ ጎን ወደ ላይ ይሁን።

በዝናብ ወቅት በወንጂ የሸንኮራ ማሳ መንገዶች ላይ ካቴናው በጭቃ ተጣብቆ ከፊት ጥርሱ ጋር ወደ ላይ ከተጠቀለለ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙሮ ማላቀቅና ከያዙት የመጠጥ ውኃ ጥቂት ማፍሰስ ነው።