ውሻችሁን ለርችት ሌሊት እንዴት ታዘጋጁታላችሁ?

አዲስ አበባ ውስጥ ውሻ የሚያሳድግ ሰው የርችቱን ወቅት በደንብ ያውቀዋል። በቡሄ ሰሞን የልጆች ርችትና ጅራፍ ይጀምራል። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሌሊት 6 ሰዓት ሲሆን ከየአቅጣጫው ይንጣጣል። ደመራ ይከተላል፤ ትንሽ ቆይቶ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ይመጣል። አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ ከባዱ ሌሊት የነጻነት በዓላቸው ነው፤ በኛ አቆጣጠር ሰኔ 27 ይውላል። ቀኑ አስቀድሞ ስለሚታወቅ መዘጋጀት ይቻላል። ግን አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ውሻው አልጋ ሥር ገብቶ ሲንቀጠቀጥ ስናይ ነው።

የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20 ሺህ ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) ነው። የውሻ ጆሮ 45 ሺህ ገደማ ይደርሳል። ቢሆንም ውሻን በጣም የሚያስፈራው ርችቱ መጮሁ ብቻ አይደለም፤ ድንገት መምጣቱም ነው። መብረቅ እንኳ ደመናና ንፋስ ይቀድመዋል። ርችት ግን ምልክት የለውም፣ ከየት እንደመጣ አይታይም፣ መቼ እንደሚያቆምም አይታወቅም።

ከሁለት ወር በፊት፦ ድምፁን ማለማመድ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው።

ዩቲዩብ ላይ የርችት ድምፅ ሞልቷል። አንዱን ስልካችሁ ላይ አውርዱ። ከሥጋ ቤት ሳንባ ወይም ቅንጥብጣቢ ግዙና ያለ ጨው፣ ያለ ቅመም ቀቅሉት። ከዚያ ጥፍር በሚያህል መጠን ቆራርጡት። ይህን ምግብ ከልምምዱ ሰዓት ውጭ አትስጡት። በማንኛውም ሰዓት የሚያገኘው ከሆነ አይጓጓለትም።

ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱ። ውሻው ጆሮውን ቀና አድርጎ ሰምቶ ወዲያው ወደ ጉዳዩ ከተመለሰ መጠኑ ልክ ነው። ቅደም ተከተሉን አደራ፦ መጀመሪያ ድምፁ ይሰማል፣ ሥጋው ወዲያው ይከተላል። ተገላቢጦሽ ከሆነ ውሻው ሥጋውን ባየ ቁጥር "ያ ነገር ሊመጣ ነው" ብሎ መጠርጠር ይጀምራል፤ የሚወደውን ምግብ ሳይቀር ይሸሻል። ድምፁ ሲቆም ሥጋውም ይቁም።

በቀን አምስት ደቂቃ ይበቃል። ድምፁን ሲሰማ ወደ እጃችሁ ዞሮ "የታለ ሥጋዬ?" በሚል ዓይን ማየት ሲጀምር ገብቶታል ማለት ነው። በማግስቱ ድምፁን አንድ ደረጃ ብቻ ጨምሩ። ፈጥኖ መጨመር የብዙ ቀን ልፋትን በአንድ ማታ ገደል ይከተዋል። ከንፈሩን ቶሎ ቶሎ መላስ፣ ሳይደክመው ማዛጋት፣ ሳይሞቀው ማለክለክ፣ ጅራቱን መወሸቅ፣ እነዚህ ሁሉ የፍርሃት ምልክቶች ናቸው። ካያችሁ ድምፁን ወደነበረበት መልሱት።

የኔው ውሻ፣ መቻል፣ መጀመሪያ ሰሞን ሥጋውን ከእጄ ይቀበልና ሳያኝከው አፉ ውስጥ ይዞ በሩን ያይ ነበር። ጥሎት የሚሄድበትም ቀን ነበር። ድምፁን ሁለት ደረጃ ስቀንስለት ማኘክ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ምልክቴ ማኘኩ ነው። ውሻ ሥጋ ተቀብሎ ካላኘከ ድምፁ በዝቶበታል።

አንድ ሌላ ነገር አለ። የስልክ ድምፅ ማጉያ "ጧ" የሚለውን እንጂ ደረት የሚመታውን ጉምጉምታ አያወጣም። በስልክ ብቻ የሠለጠነ ውሻ እውነተኛው ርችት ሲመጣ ሌላ ነገር ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ በስልክ ከለመደ በኋላ ትልቅ ስፒከር ተዋሱና ከዝቅተኛው ድምፅ እንደገና ጀምሩ። ክፍል ቀያይሩ፤ አንዳንዴም ስፒከሩን በረንዳ ላይ አውጡት።

ከሦስት እስከ አሥራ አራት ሳምንት ዕድሜ ላይ ያለ ቡችላ ካላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። አዲስ ነገር በቀላሉ የሚለምድበት ጊዜ ነው። በሌላ በኩል ርችት ሲሰማ ራሱን እስኪጎዳ በር የሚቦጫጭቅ ውሻ ያላችሁ ልምምዱን ያለ ሐኪም አትጀምሩት።

ከሁለት ሳምንት በፊት፦ ሐኪምና አንገት ማሰሪያ

የእንስሳት ሐኪም ጋ በዋዜማው አትሂዱ። ለከባድ ፍርሃት የሚረዱ እንደ ትራዞዶንና ጋባፔንቲን ያሉ መድኃኒቶች አሉ። መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ጸጥ ባለ ቀን አንዴ ሞክራችሁ ውሻው እንዴት እንደሚሆን ማየት አለባችሁ።

አሲፕሮማዚን የሚባለው ማደንዘዣ ብቻውን ከታዘዘላችሁ ሌላ አማራጭ ጠይቁ። ሰውነቱን ያዝለዋል እንጂ ፍርሃቱን አይነካውም። ውሻው ተኝቶ ስታዩት የተረጋጋ ይመስላችኋል፤ እሱ ግን ሁሉን እየሰማ መንቀሳቀስ አቅቶት ነው የሚያድረው። የሰው የእንቅልፍ ኪኒን በግምት መስጠትም፣ አረቄ ማጠጣትም ውሻ ይገድላል። "ትንሽ ብቻ" የሚባል ነገር የለም።

ሽማግሌ ውሻ ዕድሜውን ሙሉ ሳይፈራ ኖሮ አሁን በድንገት ድምፅ መፍራት ከጀመረ መገጣጠሚያውን ለሐኪም አሳዩለት። ሕመም ያለበት ውሻ ሲደነግጥ ሰውነቱ ይኮማተርና ያመዋል፤ ድምፁን ከሕመሙ ጋር ያያይዘዋል።

እግረ መንገዳችሁን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ጊዜው እንዳላለፈ አረጋግጡ። አንገት ማሰሪያው ላይ ስልክ ቁጥራችሁን በማይለቅ ቀለም ጻፉ። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ቆዳው ሥር የተቀበረው መለያ ማይክሮቺፕ ላይ ያለው አድራሻ የአሁኑ መሆኑን እዩ።

በዋዜማው፦ ከሰንሰለት ፍቱት

በርችት ሌሊት ውሻን ግቢ ውስጥ አስሮ ማሳደር ጭካኔ ነው። "ጠባቂ ነው፣ ቦታው ውጭ ነው" የሚል ሰው ብዙ ነው። በዚያ ሌሊት ግን የፈራ ውሻ ምንም አይጠብቅም። ሰፈራችን ውስጥ አንድ የታሰረ ውሻ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ደንብሮ አጥር ሲዘል ሰንሰለቱ አጠረውና በወዲያኛው በኩል ተንጠልጥሎ ቀረ። የጎረቤት ዘበኛ ሮጦ ከሥር ደግፎ ባያነሳው ኖሮ ታንቆ ይሞት ነበር።

ከ11 ሰዓት በፊት በደንብ አንሸራሽሩት፤ ሽንቱንም ይጨርስ። ራቱን ቀደም አድርጋችሁ ስጡት። የዶሮ ወጥ ትርፍራፊ አይነካ። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል፣ የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። እንግዳ ሲገባና ሲወጣ የግቢው በር እንዳይረሳ አንድ ሰው በኃላፊነት ይያዝ።

ክፍል ስትመርጡ ኮርኒስ ያለው ይሁን። ባዶ ቆርቆሮ ጣራ ድምፁን ያባብሰዋል። መስኮት ከሌለው ጥሩ ነው፤ ካለው ወፍራም መጋረጃ ወይም ብርድ ልብስ ስቀሉበት። የእናንተ ጠረን ያለበት አሮጌ ጋቢ መሬት ላይ አንጥፉ፣ ውሃ አስቀምጡ፣ መብራቱን አታጥፉ። አልጋ ሥር መግባት ከፈለገ ይግባ፤ የራሱን ቦታ መርጧል ማለት ነው። ክፍሉን ለዋዜማው ብቻ አታዘጋጁት። ቀደም ብሎ ባሉት ቀናት እዚያው እየተመገበ ይልመደው።

ሬዲዮ ወይም ሙዚቃ ክፈቱ፤ ቤዝ ያለው ቢሆን ይመረጣል፣ የውጭውን ጉምጉምታ ይሸፍናል። ቴሌቪዥን ከሆነ የበዓል ፕሮግራሙን ተዉት። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ራሱ ርችት ያሳያል።

ርችቱ ሲጀምር

"አታባብሉት፣ ይለምድበታል" የሚል ምክር ከሰው ሁሉ ትሰማላችሁ። ስህተት ነው። ፍርሃት ስሜት ነው፤ ስለተባበለ አይጨምርም። ወደ እናንተ ከተጠጋ አቅፉት፣ በለሰለሰ ድምፅ አውሩት። ብቻውን መሆን ከመረጠ ግን ጎትታችሁ አታውጡት። እናንተ ራሳችሁ በየፍንዳታው አትደንግጡ፤ ፊታችሁን ያያል።

የሚበላ ከሆነ ከእያንዳንዱ ፍንዳታ በኋላ ቁራጭ ሥጋ ስጡት። ሁለት ወር የተለማመዳችሁት ለዚህ ነው። ሳትለማመዱ ለደረሳችሁትም ይሠራል። በ2020 የታተመ የስዊዘርላንድ ጥናት ከ1,200 በላይ ውሾችን በተመለከተ ባለቤቶቻቸውን ጠይቆ ነበር። ርችት በፈነዳ ቁጥር ምግብ ወይም ጨዋታ ከሰጡት ውስጥ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ለውጥ አይተዋል። ካልበላ አታስገድዱት።

መቆጣት፣ መምታት፣ "ይልመድ" ብሎ ርችቱ አጠገብ መውሰድ ፍርሃቱን ያከፋዋል። ጆሮው ውስጥ ጥጥ አትጠቅጥቁ። ልጆችም በዚያ ሰዓት አይጫወቱበት፤ የፈራ ውሻ የገዛ ቤተሰቡን ሊነክስ ይችላል። ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና ክትባት ቢኖረውም ጤና ጣቢያ ሂዱ።

በነጋታው

ውሻውን ከመልቀቃችሁ በፊት ግቢውን ዙሩ። የተቃጠለ ርችት ቅሪት፣ ሽቦና ባሩድ ልቀሙ፤ ውሻ ያገኘውን ያኝካል።

አምልጦ ከጠፋ በመኪና እየጮሃችሁ አትፈልጉት። በእግር፣ በዝግታ፣ ማለዳ ሰው ሳይበዛ ፈልጉት። ድልድይ ሥር፣ የግንባታ ቦታና የቆመ መኪና ሥር እዩ። ስታገኙት ሮጣችሁ አትያዙት፤ ጎን ለጎን ቁጭ ብላችሁ ሥጋ ወርውሩለት።

ለጥቂት ቀን ዝም ብሎ ቢውል፣ ምግብም ቢቀንስ አትደንግጡ። ከዚያ በላይ ከቆየ ሐኪም ይየው። ሲረጋጋ ልምምዱን ከዝቅተኛው ድምፅ እንደገና ጀምሩ። ደመራ መስከረም 16 ነውና ክፍሉን እስከዚያ አታፍርሱት።