ሲጮኽ፣ ጢጥ ሲል፣ ዝም ሲል፦ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ችግርና መፍትሄ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤቶች

አላርሙ አሁን እየጮኸ ከሆነ ማንበቡን ተዉትና በሩን ክፈቱ። የተኛውን ቀስቅሱ፣ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ፣ ግቢ ውስጥ ቆማችሁ አንድም ሰው አለመቅረቱን አረጋግጡ። ምድጃውን ለማውጣት ብላችሁ አትመለሱ፤ ቤቱ ሲነፍስ ይደረስበታል። ፍሙ ላይም ቤት ውስጥ ውሃ አትድፉ፣ እንፋሎቱና ትኩስ አመዱ ፊት ያቃጥላል።

ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጥቅምት ሲገባ ማታ ማታ ብርዱ አያስቀምጥም፤ በሩ ይዘጋል፣ የበሩ ሥር በጨርቅ ይወተፋል፣ ምድጃው ከነፍሙ ይገባል። ኮምቦልቻ ዝቅ ብላ ስለምትገኝ ለሙቀት ብሎ ከሰል የሚያስገባ ያን ያህል ባይበዛም፣ በጠባብ የኪራይ ክፍል ውስጥ ወጥም ቡናም በከሰል የሚሠራ ሞልቷል። ከሰሉ የሚለቀው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያስለቅስም። 3 በ3 የሆነች፣ ቁመቷ ሁለት ሜትር ተኩል የሆነች ክፍል ብትወስዱ፣ አየሯን ወደ 400 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 400 እጅ ማለት ነው) ለማድረስ የሚበቃው 9 ሊትር ጋዝ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ግማሽ እንኳ አይሞላም።

አራት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ይጮኻል፣ ያርፋል፣ ደግሞ አራት ጊዜ ይጮኻል

በአብዛኛው ሞዴል ይህ የጋዝ ጩኸት ነው። ከሰል ቤት ውስጥ ካለ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ፤ አላርሙ ልክ ነው። ብዙ ሰው ግን እዚህ ላይ ይሳሳታል፦ «ከሰሉ እኮ ውጭ ተቀጣጥሎ ጭሱ ካለቀ በኋላ ነው የገባው» ይላል። ጭሱ መውጣቱ ዓይንንና ጉሮሮን ያሳርፍ ይሆናል እንጂ ጋዙን አያስቀርም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚፈጠረው ከፍሙ ነው። ቀልቶ የሚያበራው፣ ነጭ አመድ የለበሰው፣ ምንም የማይጨሰው ፍም እስኪጠፋ ድረስ ይለቀዋል። አመድ አልብሶ ለሌሊት ማቆየት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ፍሙ አየር እያነሰው ቀስ እያለ ይነዳል፣ የቤቱ ሰው ደግሞ ተኝቷል። የግራርም የባሕር ዛፍም ከሰል ያው ነው። ላቀች ምድጃ ከሰል ትቆጥባለች እንጂ ጋዙን አታጠፋም።

መፍትሄው ምድጃውን በረንዳ ላይ ማድረግ ነው። ቡናው የግድ ቤት ውስጥ የሚፈላ ከሆነ በርና ከበሩ ፊት ለፊት ያለው መስኮት አብረው ይከፈቱ፤ አንዱን ብቻ ገርበብ ማድረግ አየሩን አያስኬደውም። በረካው ሲጠጣ ምድጃው ይውጣ፣ በሩም ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ክፍት ይቆይ። በሳህን ውሃ አጠገቡ ማስቀመጥ ምንም አያደርግም፣ ጋዙ ውሃ ውስጥ እዚህ ግባ በሚባል መጠን አይሟሟም።

ከወጣችሁ በኋላ ራሱን ያመመው፣ ያቅለሸለሸው፣ የዞረበት ሰው ካለ ወተት እያጠጣችሁ አትጠብቁ፤ በባጃጅም ቢሆን ኦክስጅን ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደህና ነኝ ብትልም ትሂድ፣ በማሕፀን ያለው ልጅ ከእናቱ ይብስ ይጎዳል። እዚያ ስትደርሱ መጀመሪያ የምትናገሩት ቃል «ቤት ውስጥ ከሰል ነበር» የሚል ይሁን። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ጋዙ የያዘውን ደም ኦክስጅን ካለው ደም አይለይም፤ ሰውየው እየተመረዘም ቁጥሩ 97 ወይም 98 ሊያሳይ ይችላል። ጋዙ የደም ሄሞግሎቢንን ኦክስጅን ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዝ፣ በተራ አየር ግማሹ እንኳ ለመውጣት ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጅበታል። በማስክ ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጥ ግን ወደ አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል።

ከሰሉ ገብቷል፣ ራሳችንን ያመናል፣ አላርሙ ግን ዝም

ብዙ አላርም «ተበላሽቷል» ተብሎ የሚጣለው በዚህ ነው። አላርሙ ጋዝ እንዳሸተተ አይጮኽም፤ የጋዙን መጠንና የቆየበትን ጊዜ አንድ ላይ ይቆጥራል። በአውሮፓው የአላርም ደረጃ ኢኤን 50291 (EN 50291) መሠረት በ30 ፒፒኤም ከ2 ሰዓት በፊት አይጮኽም። በ50 ፒፒኤም ከ60 እስከ 90 ደቂቃ፣ በ100 ከ10 እስከ 40 ደቂቃ ይወስድበታል፣ በ300 በ3 ደቂቃ ውስጥ መጮኽ አለበት። የአሜሪካው ደረጃ ዩኤል 2034 (UL 2034) ደግሞ በ70 ፒፒኤም ከ1 እስከ 4 ሰዓት፣ በ150 ከ10 እስከ 50 ደቂቃ፣ በ400 ከ4 እስከ 15 ደቂቃ ይሰጠዋል። ስለዚህ ምድጃው ከገባ ሩብ ሰዓት ሆኖት አላርሙ ዝም ቢል የግድ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ስክሪን ያለውም ብዙ ጊዜ ከ30 በታች ያለውን ዜሮ አድርጎ ያሳያል።

ለደሴ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በ2,500 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል፣ የምንተነፍሰው ኦክስጅንም እንዲሁ። ስለዚህ ያው የጋዝ መጠን ቆላ ካለው ሰው ይልቅ ደገኛውን ይጫነዋል። አላርሙ ይህን አይቆጥርም። ራስ ምታቱ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው አንድ ላይ ከያዘ፣ ውጭ ሲወጣ ከቀለለና ሲገባ ከተመለሰ፣ ጉንፋን ነው አትበሉ፤ አላርሙ እስኪናገር ሳትጠብቁ ምድጃውን አውጡ።

የአራስ ክፍል ለብቻው መነሳት አለበት። ብርድ እንዳይመታት ተብሎ መስኮቱ ይታሸጋል፣ መጋረጃው ይደራረባል፣ ምድጃው ከአልጋው ሥር ይቀመጣል። ጨቅላው ራሴን አመመኝ አይልም፤ እንቅልፉ ከበደው ተብሎ ይታለፋል። እዚያ ክፍል ውስጥ ከሰል አይግባ። እናትና ልጅ ይሙቁ ከተባለ በብርድ ልብስና በደንብ በተዘጋ የላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ይሙቁ፤ ጠርሙሱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከሕፃኑ ገላ ራቅ ይበል።

ሌላው የዝምታ ምክንያት ዕድሜ ነው። ጋዙን የሚለየው ሴንሰር እንደ ሞዴሉ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይሠራል፣ ከዚያ ያልቃል። ቀኑ ከጀርባው ላይ አለ። «ቴስት» የሚለውን ቁልፍ ስትጫኑ የሚጮኸው ድምፁና ባትሪው ደህና ስለሆኑ ነው፣ የሴንሰሩን ጤንነት በአብዛኛው አይነግራችሁም። ልሞክረው ብላችሁም ፍም ላይ አትያዙት፤ ጥላሸቱና ሙቀቱ ደህናውን ሴንሰር ያበላሸዋል።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ጢጥ ማለት ይጀምራል፣ ቀን ዝም ይላል

በየ30 ሰከንዱ ወይም በየደቂቃው አንዴ ጢጥ የሚለው ባትሪ ወይም ብልሽት ነው፣ የጋዝ ጩኸት አይደለም። ሌሊት የሚብሰው ብርዱ ሲጠነክር የደከመ ባትሪ ቮልቱ ስለሚወርድ ነው፤ ረፋድ ላይ ቤቱ ሲሞቅ ይመለስና ያታልላል። ባትሪውን አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ ወርውሮ መተኛት የተለመደ ነው፣ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። አልካላይን የሚል የተጻፈበት ባትሪ ግዙ። ለሪሞትና ለግድግዳ ሰዓት የሚሸጠው ርካሹ ቶሎ ይደክማል። ሁለት የሚወስድ ከሆነ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ቀይሩ፣ አሮጌና አዲስ አታደባልቁ። በአዲስ ባትሪም ጢጥ ካለ ባትሪው የሚነካውን ብረት በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። አሁንም ካላቆመ ጀርባውን አገላብጡ፤ ቀኑ አልፎ ከሆነ ዕድሜው ማለቁን እየነገራችሁ ነው፣ ጥገና የለውም። ባትሪው ከውስጥ የታሸገ ሞዴል ከሆነም እንደዚያው።

ከሰል ሳናነድ ጮኸ

መጀመሪያ እንደ እውነተኛ ቁጠሩት፣ ውጡ፣ አንፍሱ። ከዚያ ጎረቤት አንኳኩ። ተደርድረው በተሠሩ የኪራይ ክፍሎች ግድግዳው ብዙ ጊዜ ኮርኒሱ ጋ ይቆማል፤ ከኮርኒሱ በላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር ያለው ባዶ ቦታ የጋራ ነው። የማዳበሪያ ኮርኒስ ደግሞ ጋዝ አይመልስም። የናንተ አላርም የጮኸው ከጎን ክፍል በተኛው ሰው ምድጃ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ አላርም ላይኖረው ይችላል። በሩን ካልከፈተ አከራዩን ጥሩ፣ ነገ ይጠየቃል ብላችሁ አትለፉ።

መብራት ሲጠፋ በረንዳ ላይ የሚነሳ ጄኔሬተር ሌላው ምንጭ ነው። ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር መራቅ አለበት፣ የጭስ ማውጫውም ወደ ቤት አይዙር። ቡታጋዝም ነበልባሉ ሰማያዊ መሆኑ ቀርቶ ቢጫ ከሆነና ድስቱን ጥላሸት ካለበሰ በደንብ እየነደደ አይደለም፤ ማቃጠያው ተፈትቶ ቀዳዳዎቹ ይጽዱ።

እውነተኛ ያልሆነ ጩኸትም አለ። ውሃ የሚጨመርበት የመኪና ወይም የሶላር ባትሪ ቤት ውስጥ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ይለቃል፣ ብዙ አላርም ደግሞ ሃይድሮጅኑን እንደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያነበዋል። ሃይድሮጅኑ ራሱ በእሳት ብልጭታ ይፈነዳል፣ ባትሪው በረንዳ ይውጣ። የቀለም ማቅጠኛ፣ የበረሮ ስፕሬይና አልኮል ያለው ማጽጃም ያሳስቱታል። ቤት ሲቀባ አላርሙን አውርዳችሁ በላስቲክ አስራችሁ ሌላ ክፍል አቆዩት፣ ሽታው ሲጠፋ መልሱት፤ እስከዚያ ከሰል እዚያ ቤት አይግባ።

ከውጭ የተላከልን ሲሰካ ሞተ

ከአሜሪካ የሚመጣው ሶኬት ላይ የሚሰካ ዓይነት ብዙውን ጊዜ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፣ የኛ መስመር 220 ነው። ከጀርባው 120 ብቻ ካለ አትሰኩት፤ የሶኬት አስማሚ እግሩን እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። ከሳውዲ ወይም ከኤምሬትስ የሚመጣ ባለ 3 ጠፍጣፋ እግር ከሆነ ግን በአብዛኛው አስማሚ ይበቃዋል። ለዘመድ «ላክልኝ» ስትሉ ለይታችሁ ንገሩት፦ በባትሪ የሚሠራ፣ ኢኤን 50291 ወይም ዩኤል 2034 የተጻፈበት፣ የማብቂያ ቀኑ ሩቅ የሆነ። በባትሪ የሚለው ዋናው ነው። መብራት በጠፋበት ማታ ሰው ወደ ከሰል ይሄዳል፣ የሚሰካው አላርም ደግሞ ያኔ ጠፍቶ ያድራል።

የጭስ አላርምና የቡታጋዝ ጠቋሚ መልካቸው ይመሳሰላል፣ ሥራቸው ግን ሌላ ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም የሚያመልጥ ቡታጋዝን አይለይም፣ የቡታጋዝ ጠቋሚም የከሰሉን ጋዝ።

የት ይሰቀል? ግድግዳው ብሎን አልይዝ አለ

አንድ ብቻ ከሆነ ያላችሁ የምትተኙበት ክፍል ይግባ። በመኝታ ክፍል ግድግዳው ላይ ተኝታችሁ በምትተነፍሱበት ከፍታ ገደማ ይሁን። ፍራሹ መሬት ላይ ከሆነና ሕፃን ካለ ትንሽ ከፍ ማድረግ ችግር የለውም፤ ጋዙ ክብደቱ ከአየር ብዙም ስለማይለይ በክፍሉ ይቀላቀላል። ምድጃ በሚቀመጥበት ክፍል ከምድጃው ከ1 እስከ 3 ሜትር በጎን ራቅ ብሎ፣ ከበሩና ከመስኮቱ ጫፍ ከፍ ብሎ፣ ከኮርኒሱ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ። የአምራቹ ወረቀት ሌላ ካለ እሱን ተከተሉ። ከመጋረጃ ጀርባ፣ ከቁም ሳጥን በላይ፣ ጀበናው ከሚፈላበት ትክክል በላይ አታድርጉት። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ከሳሎን የሚጮኽ አላርም መኝታ ቤት ላይሰማ እንደሚችልም አስቡ።

ብሎኬት ግድግዳ በ6 ሚሊ ሜትር ድሪልና በፊሸር ይያዛል። የጭቃ ግድግዳ ላይ ፊሸር አይሠራም፣ ጭቃው እየተፈረፈረ ይዞት ይወርዳል። ግድግዳውን በጣት አንጓ እያንኳኳችሁ ድምፁ የሚደፍንበትን፣ ቋሚው እንጨት ያለበትን ቦታ ፈልጉ፤ በቀጭን ሚስማር ወግታችሁ እንጨት መሆኑን አረጋግጡ፣ ከዚያ 5 ሴንቲ ሜትር የእንጨት ብሎን በቀጥታ እሰሩበት። ቋሚው የምትፈልጉበት ቦታ ካልሆነ አንድ ጣውላ በሁለት ቋሚዎች ላይ መትታችሁ አላርሙን ጣውላው ላይ ስቀሉት።

ከመስቀላችሁ በፊት የባትሪውን መከለያ ላስቲክ ሳቡ። መቀመጫው ላይ በትክክል ካልገባ የማይበራ ሞዴል ስላለ አንዲት ትንሽ መብራት ብልጭ ማለቷን እዩ፣ ቴስቱንም ተጫኑ። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን ቴስት፣ በወር አንዴ ደግሞ ትንፋሽ መሳቢያ ቀዳዳዎቹን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ይበቃዋል። የጭቃ ግድግዳ አቧራና የሸረሪት ድር ቀዳዳውን ቶሎ ይደፍኑታል።