በደሴና በኮምቦልቻ ለአደጋ ጊዜ የሥነ ልቦና ድጋፍ ቡድን ማደራጀትና ማሠልጠን

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖች በደሴ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው ሳለ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ደረሰባቸው፤ አስተናጋጁም ተፈናቃይ ሆነ፣ የደሴ ሆስፒታልም ተዘረፈ። በእነዚህ ከተሞች የሥነ ልቦና ድጋፍ ቡድን የሚያደራጅ ሰው ይህን መነሻ ማድረግ ይኖርበታል። በክፉ ቀን ሆስፒታሉ ሊዘጋ፣ ባለሙያውም ቤተሰቡን ይዞ ሊሸሽ ስለሚችል ቡድኑ በአንድ ተቋም ላይ ተንጠልጥሎ መቆም የለበትም።

አባላትን ለመመልመል ከእድር የተሻለ በር የለም። እድር ድንኳን ከመትከል ባሻገር ማን ሐዘን ላይ እንዳለ፣ ማን ጧሪ እንደሌለው አስቀድሞ ያውቃል። ከየእድሩ አንድ ሴትና አንድ ወንድ፣ ከየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ እንዲሁም ጥቂት መምህራን ለመነሻ ይበቃሉ። በምርጫው ወቅት ከአንደበተ ርቱዕነት ይልቅ ምስጢር ጠባቂነት ሊመዘን ይገባል፤ ብዙ የሚናገር ሰው ለስብሰባ እንጂ ለዚህ ሥራ እምብዛም አይሆንም። የአእምሮ ሕክምና ነርሶችና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ደግሞ በየመጠለያው ከመበታተን ይልቅ አሠልጣኝና ተቆጣጣሪ ቢሆኑ እውቀታቸው ለብዙ ሰው ይደርሳል።

የሥልጠናው እምብርት የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት መመሪያ የተዘረዘረው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ ሲሆን፣ ሦስት ተግባራት አሉት፤ እነርሱም ማየት፣ ማዳመጥና ማገናኘት ናቸው። ይህን በቃል ማስያዝ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ሠልጣኙ እንዳይናገር ማስተማሩ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ሰዓት ለተግባራዊ ልምምድ ይዋል። ሠልጣኙ ልጅዋን ያጣችን እናት «ምን እንዳየሽ ንገሪኝ» ብሎ ከማስጨነቅ ይልቅ «እትዬ፣ አሁን ምን ላምጣልዎት? ማንን ላገናኝዎት?» ማለትን ይለማመድ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ»፣ «አላህ ያጽናሽ» የሚለው ቃል ሲያጽናና፣ «ሌላ ልጅ ይሰጥሻል» የሚለው ግን ያቆስላል። የደረሰውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አስተርኮ ማስወጣት ይፈውሳል የሚለው እምነት በማስረጃ ያልተደገፈ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ ማጣት፣ መደንበርና ማልቀስ በአብዛኛው በሽታ አለመሆናቸውን፣ ለእነርሱም ብሎ ዳያዜፓምን የመሰለ ማረጋጊያ መስጠት እንደማይገባ ለጤና ጣቢያ ሠራተኞች አጥብቆ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ቸል የሚባሉት ግን ከአደጋው በፊት ሕመም የነበረባቸው ሰዎች ናቸው። ፌኖባርቢታል የሚወስድ የሚጥል በሽታ ታማሚ መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥበት የማያባራ መንፈራገጥ ሊገጥመውና ሊሞት ይችላል፤ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበትም ሰው በሽሽት መካከል ብቻውን ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ቡድኑ መጠለያ እንደገባ አስቀድሞ «መድኃኒት ያቋረጠ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብን ሰው ብቻውን ሳይተዉ ወደ ሕክምና ማድረስ፣ የተደፈረችን ሴትም ከፈቀደች ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ግዴታ ነው፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነውና። ከካህናትና ከሼሆች ጋር ደግሞ ጸበሉም ዱዓውም ሳይከለከል መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ አስቀድሞ መስማማት ኋላ ከመከራከር ያድናል።

አባላቱ ራሳቸው የተጎዳው ሕዝብ አካል ስለሆኑ ሁለት ሁለት ሆነው ይሠማሩ፣ ማታ ማታ ከተቆጣጣሪው ጋር ይነጋገሩ፤ ቤታቸው ሐዘን የገባባቸውም ያለ ወቀሳ እንዲያርፉ ይደረግ። ሥልጠናው በየጊዜው ካልታደሰ ይረሳልና፣ ለደሴ እንግዳ ያልሆነውን የመሬት መንሸራተት መነሻ አድርጎ ስልክና መብራት ተቋርጧል በሚል ግምት መለማመድ ይጠቅማል። በዚህ ልምምድ የመገናኛ ቦታው፣ ተተኪው ኃላፊና ሪፈር የሚቀበሉት ጤና ተቋማት ስም በወረቀት ተጽፎ በየአባሉ እጅ ይገኝ። የታማሚዎች ስም ዝርዝር ግን ከጤና ባለሙያው እጅ አይውጣ፤ ጦርነት ሲሆንም ማን አስቀድሞ እንደሚያሸሸው ወይም እንደሚያቃጥለው ዛሬውኑ ይወሰን።