ራሳችሁ የሠራችኋትን ባለ ሸራ የእንጨት ጀልባ እንዴት ትጠብቃላችሁ፣ እንዴትስ ትነዳላችሁ?

ጀልባዋን ራሳችሁ ሠርታችኋል። ወራት፣ ምናልባትም ዓመታት ፈጅቶባችኋል። ቀለሟ ደርቋል፣ ምሰሶዋ ቆሟል፣ ውሃ ላይ ወርዳለች። እንኳን ደስ አላችሁ! አሁን የሚቀረው እሷን በሕይወት ማቆየት ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። የእንጨት ጀልባ ዋና ጠላት የዝናብ ውሃ ነው። ለጀማሪ ይሄ ግራ ያጋባል። ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ ላይ የምትኖር ጀልባ ዝናብ ምን ያደርጋታል? ነገሩ እንዲህ ነው። እንጨት የሚበሰብሰው በፈንገስ ነው። ፈንገስ ደግሞ እርጥበት፣ አየርና መጠነኛ ሙቀት ይፈልጋል። የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ከሆነ አያድግም። ጨው ያለበት ውሃም አይስማማውም። የዝናብ ውሃ ግን ጨው የለውም። ከላይ ይንጠባጠብና ጥግ ይዞ ይተኛል። አየሩም ሙቀቱም እዚያው አለ።

ስለዚህ ሥራችሁ ሁለት ነው፦ ውሃ እንዳይገባ መዝጋት፣ የገባውን ደግሞ ቶሎ ማስወጣት።

1. ቀዳዳዎቹን ዝጉ

ውሃ በሰፊው የእንጨት ገጽ በኩል ብዙም አይገባም። የሚገባው በተቆረጠው ጫፍና በብሎን ቀዳዳ ነው። እንጨት ጅማቱን ተከትሎ ውሃ ይመጥጣል፤ ጫፉ ላይ የነካውን ጠብታ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ኮምፔንሳቶም ያው ነው፣ ጠርዙ ክፍት ከሆነ ውሃው በንብርብሮቹ መካከል ይሄዳል።

እኔ ይህን የተማርኩት ከአንዲት ገመድ ማሰሪያ ነው። የላይኛው ወለል ላይ በአራት ብሎን አሰርኳት። ቀዳዳዎቹን ምንም አልቀባኋቸውም። ከላይ ሲታይ ሁሉም ነገር ደህና ነበር። በሦስተኛው ዓመት ማሰሪያዋ በእጄ ስትነቃነቅ ፈታኋት። ከሥሯ ያለው እንጨት ጠቁሮ እንደ እርጥብ ካርቶን ሆኗል። የመዳፍ ስፋት ያህል ቆርጬ ማውጣት ነበረብኝ።

ትክክለኛው አሠራር ይሄ ነው፦

- ቀዳዳውን ከብሎኑ ሰፋ አድርጋችሁ ብሱት።
- ከሥር በቴፕ ዝጉና በኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ በሚጠነክር ሙጫ) ሙሉት።
- ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ መሃሉን በብሎኑ ልክ እንደገና ብሱት።
- ዕቃውን ስታስሩ ከሥሩ ውሃ የማያስገባ ማሸጊያ አድርጉ።

አሁን ውሃ ቢገባ እንኳ የሚያገኘው ኢፖክሲ እንጂ እንጨት አይደለም። ለአንድ ብሎን ይሄ ሁሉ ድካም ሊመስላችሁ ይችላል። አድርጉት።

ኢፖክሲ ስትቀቡ እንጨቱ በደንብ የደረቀ ይሁን፤ እርጥበቱ ከ12 በመቶ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ጓንት ልበሱ፣ ምክንያቱም ያልደረቀ ኢፖክሲ በቆዳ ላይ ሲደጋገም አለርጂ ያስይዛል። ሲደርቅ ላዩ ላይ ሰም የመሰለ ነገር ካያችሁ በንጹሕ ውሃ እጠቡት፣ ከዚያ በኋላ ነው ብርጭቆ ወረቀት የሚነካው። አለዚያ ቀለሙ አይዝም። ኢፖክሲ ፀሐይ አይችልም፤ ከላዩ ቀለም ወይም ፀሐይ የሚከላከል ቫርኒሽ የግድ ነው።

2. ሆዷን አድርቁ

የትኛውም ጀልባ ትንሽ ውሃ ይገባታል። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ የጀልባዋን ሆድ በስፖንጅ አድርቁ። በአግዳሚ የጎድን እንጨቶቿ ሥር ውሃ ማሳለፊያ ቀዳዳዎች ትታችሁ ከነበረ አሁን ትጠቀሙባቸዋላችሁ። ሰጋቱራና ቆሻሻ እንዳይደፍናቸው በቀጭን ሽቦ ጠርጉ።

ሸራ ስትሸፍኗት ጥብቅ አድርጋችሁ አታፍኗት። ከፊትም ከኋላም አየር የሚገባበት ክፍተት ይኑር። የታፈነች ጀልባ ዝናብ ባይነካት እንኳ ከራሷ ትንፋሽ ትረጥባለች።

ጀልባችሁ በኮምፔንሳቶና በኢፖክሲ ሳይሆን በባህላዊው መንገድ፣ ሳንቃ ከሳንቃ ተያይዞ የተሠራች ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። የብስ ላይ ረጅም ጊዜ ከቆየች ሳንቃዎቹ ደርቀው ይኮማተራሉ፣ በመካከላቸውም ክፍተት ይፈጠራል። መጀመሪያ ውሃ ላይ ስትወርድ ውሃ ታስገባለች። አትደንግጡ፤ እንጨቱ ሲያብጥ ክፍተቱ ይዘጋል። እስኪዘጋ ግን ፓምፕ ይዛችሁ አጠገቧ ሁኑ።

3. በጆሯችሁና በካቻቪት መርምሩ

ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ ከፊት እስከ ኋላ ሙሉ ፍተሻ አድርጉላት። በካቻቪቱ እጀታ እንጨቱን ቀስ ብላችሁ አንኳኩ። ጤነኛ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የበሰበሰው የታፈነ፣ ደነዝ ድምፅ ነው ያለው። ከተጠራጠራችሁ በካቻቪቱ ጫፍ ጫን በሉት። ከገባ በስብሷል። ምሰሶዋ የሚቆምበትን ቦታ፣ የኋላ ጥጎቿን፣ የመስኮትና የክዳን ዙሪያን በተለይ እዩ። ቀለም ያበጠበት ወይም የተሰነጠቀበት ቦታ ሁሉ ሥሩ መታየት አለበት።

ብስባሽ ካገኛችሁ ላዩ ላይ ኢፖክሲ አፍስሳችሁ እንዳታልፉት። ጤነኛ እንጨት እስክታገኙ ቁረጡ፣ ከዚያም ትንሽ እለፉ። አዲሱን እንጨት ስታጋጥሙ ጫፎቹን አስልታችሁ ተዳፋት አድርጓቸው። ለኮምፔንሳቶ የተዳፋቱ ርዝመት የውፍረቱ 8 እጥፍ ይሁን። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው 80 ሚሊ ሜትር ማለት ነው።

ቫርኒሽ የተቀባውን ክፍል ደብዘዝ ማለት ሲጀምር፣ ሳይላጥ በፊት፣ በቁጥር 220 ብርጭቆ ወረቀት አሻሽታችሁ አንድ ሁለት እጅ ድገሙት። ከተላጠ በኋላ እንደ አዲስ መጀመር ነው።

ስለ ብረት ባጭሩ፦ ቢጫ የሆነ ሁሉ ነሐስ አይደለም። ዚንክ የበዛበት ቅይጥ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ዚንኩን ያጣና እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። አይዝጌ ብረትም ቢሆን እርጥብ እንጨት ውስጥ አየር ሲያጣ ውስጥ ለውስጥ ይበላል። በየጥቂት ዓመቱ አንድ ሁለት ብሎን ፍቱና እዩ።

4. አሁን ንዷት

ከመነሳታችሁ በፊት የአየር ትንበያውን እዩ፣ የሕይወት ጃኬት ልበሱ። ከውሃ በታች ለቧንቧ የተበሳ ቀዳዳ ካላት፣ ቧንቧው ቢሰበር የምትደፍኑበት በልኩ የተጠረበ የእንጨት ውታፍ አጠገቡ እሰሩለት።

የትኛዋም ባለ ሸራ ጀልባ ፊት ለፊት ወደ ነፋሱ አትሄድም። ከነፋሱ 45 ዲግሪ ያህል ዞር ብላችሁ፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እየተመላለሳችሁ ትወጣላችሁ። ሸራውን ለማስተካከል ጠርዙ መርገብገብ እስኪጀምር ሸራውን የሚስበውን ገመድ ቀስ በቀስ ልቀቁ፣ ከዚያ እስኪያቆም ብቻ ሳቡት። ጀማሪ ሁሌ አብዝቶ ነው የሚስበው፤ ያኔ ጀልባዋ ታዘነብላለች እንጂ አትፈጥንም።

ነፋሱን ከኋላ አድርጋችሁ ስትዞሩ ከሸራው ግርጌ ያለው አግዳሚ እንጨት በኃይል ወደ ሌላው ጎን ይወረወራል። ሰው ይገድላል። አስቀድማችሁ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፣ ገመዱን ሰብስቡ፣ ጭንቅላት ዝቅ።

ሁለት ባለ ሸራ ጀልባዎች ሲገናኙ ነፋስ ከቀኝ ጎኗ የሚመታት ቅድሚያ አላት።

ውሃው ላይ ነጭ አረፋ ሲበዛ ነፋሱ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል ማለት ነው። ለትንሽ ጀልባ ሸራ መቀነስ የሚታሰብበት ጊዜ ይሄ ነው። “ልቀንስ ይሆን?” ብላችሁ ካሰባችሁ ቀንሱ። ከዘገያችሁ ሥራው በጣም ይከብዳል።

በነፋስ ስትነዱ ጀልባዋን አዳምጧት። ጭነት ሲበዛባት የቤት እንጨት የማያወጣውን ድምፅ ታወጣለች። አዲስ ሲጢጥታ ከሰማችሁ ከየት እንደመጣ ልብ በሉ። ወደብ ስትመለሱ ሸራውን ከማጠፋችሁ በፊት ክዳኖቹን ክፈቱ፣ በባትሪ መብራት ሆዷን እዩ። ውሃ የተከተለው መንገድ ገና እርጥብ ስለሆነ ከየት እንደመጣ ይታያችኋል። ቦታውን በእርሳስ ምልክት አድርጉበትና ስፖንጁን አንሱ።