የአውሮፓ የቅጂ መብት ሕግ ከተቀየረ ወዲህ ቪዲዮ፣ ፎቶና ጽሑፍ እንዴት ሼር እናድርግ?

የእህቴ ልጅ ክርስትና የተነሳው ፍራንክፈርት ነው። እናቴ ለዚሁ ብላ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። ሕፃኑን ታቅፋ ስትመርቅ፣ ሴቶቹ እልል ሲሉ፣ ከኋላ አንድ የድሮ ዘፈን ተከፍቶ ነበር። የአራት ደቂቃ ቪዲዮ ነው። ማታ ኢንተርኔት ላይ ጭኜው ተኛሁ። ጠዋት ስከፍተው ድምፅ የለውም። ዘፈኑን የለየው ማሽን ዘፈኑን ብቻ አልቆረጠም፤ ምርቃቱንም እልልታውንም ጠራርጎ ወስዶታል። የእናቴ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ድምፅ ግን የለም።

ያኔ «ሕግ ነው፣ ምን ይደረጋል» ብዬ ተውኩት። ሕጉን ቁጭ ብዬ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሳነበው ተናደድኩ። ለእኔ ዓይነቱ ተራ ሰው የተጻፈ መብት እዚያው ውስጥ አለ፤ የነገረኝ ሰው አልነበረም እንጂ። ይህን የምጽፈው በተለይ ጀርመንና ሌሎች የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለምትኖሩ ነው። አገር ቤት ሆናችሁ የጫናችሁት ቪዲዮ «በዚህ አገር አይታይም» እየተባለ አውሮፓ ላሉ ዘመዶቻችሁ የሚዘጋባችሁም ብታነቡት አይከፋም።

ምን ተቀየረ?

ቀኖቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የአውሮፓ ፓርላማ አዲሱን የቅጂ መብት መመሪያ ያጸደቀው ማርች 26 ቀን 2019 ነው፤ በ348 ድጋፍና በ274 ተቃውሞ። ከሦስት ቀን በፊት በጀርመን ከተሞች ብዙ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ተቃውሞት ነበር። አገሮቹ መመሪያውን ወደ ራሳቸው ሕግ እንዲያስገቡ የተሰጣቸው ቀነ ገደብ ጁን 7 ቀን 2021 ነበር።

ጠቡ በዋናነት አንቀጽ 17 ላይ ነበር። ቀድሞ አንድ ሰው የሌላውን ዘፈን ሲጭን ተጠያቂው ጫኙ ነበር። መድረኩ፣ ማለትም እንደ ዩቲዩብ ያለ ሰው ቪዲዮ የሚጭንበት ድረ ገጽ፣ ሲነገረው ካነሳ ነፃ ነው። አሁን ግን ትልልቆቹ መድረኮች ራሳቸው እንዳሰራጩ ይቆጠራል። ስለዚህ ወይ ከባለመብቱ ፈቃድ መግዛት አለባቸው፣ ወይ ያልተፈቀደው እንዳይወጣ የሚችሉትን ሁሉ ማድረግ አለባቸው። በየቀኑ የሚጫነውን ያን ሁሉ ቪዲዮ ሰው ተቀምጦ ሊያየው አይችልም። ማጣሪያ ማሽን የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ፖላንድ አንቀጹ ሐሳብን በነፃነት የመግለጽ መብት ይነካል ብላ ከሰሰች። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ኤፕሪል 26 ቀን 2022 ክሱን ውድቅ አደረገው። ነገር ግን አንድ ትልቅ ነገር አስቀመጠ፦ የተፈቀደውን ካልተፈቀደው በቅጡ መለየት የማይችል ማጣሪያ ከሕጉ ጋር አይሄድም። ይህን ዓረፍተ ነገር ያዙት። የምትጽፉት አቤቱታ ሁሉ የሚቆመው በእሱ ላይ ነው።

አንድ፦ መቅዳት ትታችሁ ሊንኩን ላኩ

ጋዜጣ ላይ ያያችሁትን ጽሑፍ ሙሉውን ኮፒ አድርጎ መለጠፍ የቆየ ልማዳችን ነው። ተዉት። ጽሑፉ በጸሐፊው የቅጂ መብት የተጠበቀ ነው፤ አዲሱ ሕግም በአንቀጽ 15 ለፕሬስ አሳታሚዎች በኢንተርኔት አገልግሎቶች ላይ የሁለት ዓመት ጥበቃ ሰጥቷል። ሊንክ መላክ ግን ከዚህ ነፃ ነው። ጥቂት ቃላት ወይም በጣም አጭር ቅንጫቢም ነፃ ነው። ርዕሱን በራሳችሁ አማርኛ ንገሩን፣ ከሥሩ ሊንኩን አስቀምጡ፣ በቃ።

ፎቶ ላይ ደግሞ የባሰ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጀርመን ውስጥ አንዲት ተማሪ ለስፓኒሽ ትምህርት ሥራዋ የኮርዶባን ከተማ ፎቶ ከአንድ የጉዞ ድረ ገጽ ወስዳ ነበር። ምንጩን ጽፋለች። ሥራው የትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ወጣ። ፎቶ አንሺው ከሰሰ። የአውሮፓ ፍርድ ቤት ኦገስት 7 ቀን 2018 የፈረደው ለፎቶ አንሺው ነው፦ ኢንተርኔት ላይ ማንም በነፃ የሚያየውን ፎቶ እንኳ አውርዶ ሌላ ቦታ ለመለጠፍ አዲስ ፈቃድ ያስፈልጋል። «ጉግል ላይ አገኘሁት» የሚለው መልስ አያድንም። ስም መጥቀስም ብቻውን አያድንም።

ሁለት፦ ቁጥሩን ቁጠሩ

ይህ ጀርመን ለምትኖሩ ነው፤ ሌሎቹ አገሮች እንዲህ ያለ ቁጥር በአብዛኛው አላስቀመጡም። ከኦገስት 1 ቀን 2021 ጀምሮ የሚሠራው የጀርመን ሕግ ማሽኑ ዝም ብሎ እንዳይዘጋቸው የሚጠብቃቸው ጥቃቅን አጠቃቀሞች አሉ፦

ከአንድ ፊልም ወይም ቪዲዮ እስከ 15 ሰከንድ፤
ከአንድ ድምፅ ወይም ዘፈን እስከ 15 ሰከንድ፤
ከአንድ ጽሑፍ እስከ 160 ፊደል፤
አንድ ፎቶ ወይም ሥዕል እስከ 125 ኪሎባይት።

ሦስት ነገር ግን አብሮ መሟላት አለበት። የወሰዳችሁት ከሥራው ከግማሽ በታች ይሁን (ፎቶ ሙሉውን ይቻላል)። ከራሳችሁ ነገር ጋር የተቀላቀለ ይሁን፤ የዘፈኑን 15 ሰከንድ ብቻውን ቆርጦ መጫን አይሆንም። ለንግድ አይሁን፣ ቢያስገኝም ገቢው እዚህ ግባ የማይባል ይሁን።

160 ፊደል ለእኛ ደህና ስፋት አለው። በላቲን «ሰ» እና «ላ» ለመጻፍ ሁለት ሁለት ፊደል ሲፈጅ የእኛ ፊደል አንዱ ለአንዱ ይበቃዋል። ስድስት ሰባት ስንኝ ግጥም ሊገባበት ይችላል።

ወደ ክርስትናው ቪዲዮ ልመለስ። ፋይሉ ስልኬ ላይ ስለነበር እንደገና ከፈትኩት። ዘፈኑ የሚሰማው በመሃል ለ40 ሰከንድ ያህል ነው። ምርቃቱ የተጀመረበትን ቦታ ይዤ ዘፈኑ 13 ሰከንድ ብቻ እንዲቀር አድርጌ ቆረጥኩት። ቀሪው የእናቴ ድምፅና የሰው ጫጫታ ነው። እንደገና ጫንኩት። አልተነካም። እናቴ አዲስ አበባ ተመልሳ ነበር፤ ቤት ውስጥ ላሉት ሁሉ ስታሳይ ዋለች።

ሦስት፦ ከ15 ሰከንድ በላይ ካስፈለጋችሁ ምክንያቱን ቀድማችሁ ምልክት አድርጉ

ስለ አንድ ፊልም ወይም ዘፈን አስተያየት የምትሠሩ፣ የምትተቹ፣ የምታስቁ ሰዎች እዚህ ጋ ቆም በሉ። አንቀጽ 17 ራሱ መጥቀስን፣ መተቸትን፣ መገምገምን፣ ካሪካቸርን (እያጋነኑ የሚያስቅ ሥዕል)፣ ፓሮዲን (ሥራውን እያስመሰሉ ማሾፍ) እና የሌላውን ሥራ መነሻ አድርጎ በራስ አቀራረብ መሥራትን ይፈቅዳል። በመላው ኅብረቱ የሚሠራ መብት ነው።

በጀርመን ሕግ መሠረት ማሽኑ ስትጭኑ ሊዘጋው ሲል መድረኩ ሊነግራችሁ ይገባል። «በሕግ የተፈቀደ ነው» ብላችሁ ምልክት የምታደርጉበት ዕድልም ሊሰጣችሁ ይገባል። ምልክቱን ዝም ብላችሁ አትጫኑ። ጥቅስ ከሆነ ስለ ጠቀሳችሁት ነገር የምር እየተናገራችሁ መሆን አለበት። የምትወስዱት ለንግግራችሁ የሚበቃውን ያህል ነው። የደራሲውና የድምፃዊው ስም ይነገር። ሙሉ ዘፈን አጫውቶ መጨረሻ ላይ «እንዴት አያችሁት?» ማለት ጥቅስ አይደለም። በተደጋጋሚ በውሸት ምልክት የሚያደርግ ሰው ደግሞ ለጊዜው ይህ ዕድል ይነፈገዋል።

አራት፦ ከተዘጋባችሁ አቤት በሉ

ብዙዎቻችን የምንሸነፈው እዚህ ነው። ቀይ ጽሑፍ ስናይ እንደነግጣለን፤ አካውንታችን የሚጠፋ ይመስለናል፤ ቪዲዮውን እናጠፋለን። አታጥፉ። ሕጉ መድረኩ የአቤቱታ መንገድ እንዲኖረው ያስገድዳል። ውሳኔውን ማሽን ሳይሆን ሰው ማየት አለበት። በጀርመን ውሳኔው ቢበዛ በአንድ ሳምንት ውስጥ መሰጠት አለበት።

አቤቱታው ላይ «ቪዲዮው የኔ ነው» ብላችሁ አትጻፉ። ቀረጻው የእናንተ መሆኑን ማንም አልካደም፤ ጥያቄው ስለ ዘፈኑ ነው። እንዲህ ጻፉ፦ «ቪዲዮው የዘፈኑን ግጥም የሚተነትን ነው። ከዘፈኑ የሚሰማው ከ2፡10 እስከ 2፡32 ያለው ብቻ ነው። ከዚያ በፊትና በኋላ ስለዚያው ስንኝ እናገራለሁ። የግጥምና የዜማ ደራሲው ስም ተጠቅሷል። ይህ ጥቅስ ነው፤ በአንቀጽ 17 ተፈቅዷል።» በጀርመንኛ ወይም በእንግሊዝኛ አስተርጉሙት። ደቂቃና ሰከንድ መጻፉ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚያየው ሰው በቀጥታ እዚያ ሄዶ ያያል። የጻፋችሁትን ከመላካችሁ በፊት ስክሪንሾት አንሱት።

አሜሪካ ያላችሁ በዚህ ሕግ አትተዳደሩም። የእናንተ ዲኤምሲኤ የሚባለው የ1998ቱ የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ነው። እዚያ ተቃውሞ ስታቀርቡ ባለመብቱ ክስ ካልመሠረተ መድረኩ ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀን ውስጥ ይመልስላችኋል። ተቃውሞው ግን በመሐላ የሚፈረም ነው፤ ስምና አድራሻችሁም ለሌላው ወገን ይደርሳል።

አምስት፦ አብማኑንግ ከመጣ

ጀርመን የኖረ ሰው ቃሉን ያውቀዋል። ከጠበቃ የሚመጣ ወፍራም ደብዳቤ ነው፤ ፎቶ ወይም ፊልም ያለ ፈቃድ ተጠቀማችሁ፣ ይህን ያህል ክፈሉ፣ ይህን ፈርሙ ይላል። መሳቢያ ውስጥ ከትታችሁ አትርሱት። ቀነ ገደቡን በቀይ አክብቡ። አብሮ የተላከውን ወረቀት እንዳለ አትፈርሙ፤ የፈረማችሁት ቃል ዕድሜያችሁን ሙሉ የሚያስገድድ ውል ሊሆንባችሁ ይችላል፣ ብትደግሙትም ቅጣት አለው። መጀመሪያ ወደ ሸማቾች ምክር ማዕከል፣ ወደ ፈርብራውኸርጸንትራለ፣ ወይም ወደ ጠበቃ ውሰዱት። ለንግድ ያልሠራ ግለሰብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገኝ የጠበቃው ክፍያ የሚሰላበት የክርክር ዋጋ በመርሕ ደረጃ ከ1,000 ዩሮ አይበልጥም። ከዚያ በላይ የተሰላ ከሆነ ጠይቁ።

ስድስት፦ ለባለሥራውም አስቡ

ስለ ማጣሪያው ብበሳጭም ከዘፋኞቻችን ጋር ጠብ የለኝም። አንድ የካሴት ዘመን ዘፈን ውስጥ የግጥም ደራሲ፣ የዜማ ደራሲ፣ አቀናባሪ፣ ድምፃዊና አሳታሚ አሉ። ብዙዎቹ ከኢንተርኔት ሳንቲም ሳያገኙ አርጅተዋል። የጀርመኑ ሕግ ለእነዚያ 15 ሰከንዶች መድረኩ ለደራሲው ተገቢ ክፍያ እንዲከፍል ያዛል። ክፍያውን መጠየቅ የሚቻለው ግን በጋራ አስተዳደር ማኅበር (የብዙ ደራሲዎችን ክፍያ በአንድ ላይ የሚሰበስብ ድርጅት) በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ የምትኖሩ የግጥምና የዜማ ደራሲዎች የጀርመኑን የሙዚቃ ደራሲዎች ማኅበር ጌማን የመሰለ ማኅበር ውስጥ ተመዝገቡ። በአገር ቤትም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአዋጅ ቁጥር 872/2007 (የአዋጆቹ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ሲሻሻል ለእንዲህ ያለ ማኅበር መንገድ ከፍቷል።

ፈቃድ መጠየቅም እንደምንፈራው ከባድ አይደለም። ባለሥራው በሕይወት ካለ አጭር መልእክት ላኩ፦ «ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ይህን ሥራዎን በልጃችን ክርስትና ቪዲዮ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ልጠቀምበት ፈልጌ ነው። ለንግድ አይደለም። ስምዎ ይጻፋል። ይፈቅዱልኛል?» መልሱ ሲመጣ ስክሪንሾት አንስታችሁ ከቪዲዮው ፋይል ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡት። ዘፈኑን ያሳተመ ድርጅት ካለም ለእሱ ያንኑ ጻፉ፤ የድምፃዊው ፈቃድ ብቻውን የቀረጻውን መብት ላይሸፍን ይችላል።