ሐዋሳ ላይ 760 አይሠራም፦ በስፕሪንግ፣ በሽቦና በአየር ግፊት ሙከራ የሚደጋገሙ ስህተቶች

በቀላሉ እንጀምር። ስፕሪንግ ላይ የሚለካው የረዘመው ልክ እንጂ ጠቅላላ ርዝመቱ አይደለም። 12 ሴንቲሜትር የነበረ ስፕሪንግ 200 ግራም ሲንጠለጠልበት 16 ከሆነ፣ ወደ ስሌቱ የሚገባው 4 ሴንቲሜትር ነው፤ የስፕሪንጉ ቋሚ ቁጥርም (ኃይሉ ለረዘመው ልክ ሲካፈል) 49 ኒውተን በሜትር ይሆናል። 16ን ያስገባ ተማሪ 12 አካባቢ ያገኝና ስፕሪንጉን ይወቅሳል።

ግራምን እንደ ኃይል መጻፍ፦ 100 ግራም 0.98 ኒውተን ነው። ሌላ የሚባል የለም።

ግራፉን በግድ በዜሮ ማሳለፍም አይገባም። ጥምዞቹ ተጣብቀው የተሠሩ ስፕሪንጎች የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ግራሞች አይሰሙም፤ መስመሩ ከዜሮ ፈንጠር ብሎ ቢነሳ ትክክል ነው። ንባቡን ደግሞ ክብደት ሲጨመር ብቻ ሳይሆን ሲቀነስም መዝግቡ። ክብደቱ ሁሉ ከወረደ በኋላ ወደ መነሻው ካልተመለሰ የኢላስቲክ ወሰኑ (ተስቦ ወደ ቦታው መመለስ የሚችልበት ጣሪያ) ታልፏል፤ ያ ስፕሪንግ ለሚቀጥለው ቡድን አይሰጥም።

ሽቦ ላይ ነገሩ ይጠናል። 2 ሜትር ርዝመትና 0.5 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው የስቲል ሽቦ 4 ኪሎ ሲሸከም የሚረዝመው 2 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህን በማስመሪያ መለካት ከንቱ ድካም ነው፤ የግማሽ ሚሊሜትር ግድፈት ውጤቱን በሩብ ያዛባዋል። ከዚያው ማንጠልጠያ ላይ ሌላ ተመሳሳይ ሽቦ፣ ቀጥ እንዲል ብቻ ትንሽ ክብደት አስይዛችሁ፣ አብራችሁ እሰሩና ልዩነታቸውን በቬርኒየር (የሚሊሜትር ክፍልፋይ በሚያነብ ተንሸራታች መለኪያ) አንብቡ። ማንጠልጠያው ቢጎብጥም ክፍሉ ቢሞቅም ሁለቱ እኩል ስለሚንቀሳቀሱ ስህተቱ ይጠፋል። ዲያሜትሩን በማይክሮሜትር ቢያንስ ሦስት ቦታ ለኩ፤ 0.50 የሆነውን 0.45 ብሎ ያነበበ የያንግ ሞዱለሱን (ቁሱ መሳብን የሚቋቋምበትን ልክ) 23 በመቶ ያሳብጠዋል። የስቲል ሞዱለስ 200 ጊጋፓስካል አካባቢ መሆን ሲገባው 50 ከወጣ፣ በሬዲየስ ቦታ ዲያሜትር አስገብታችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ብስጭት። 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ወይም 101.3 ኪሎፓስካል የሚባለው ቁጥር የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በላይዋ ያለው አየር ያነሰ ስለሆነ ግፊቱ 82 ወይም 83 ኪሎፓስካል፣ በሜርኩሪ 620 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ልዩነቱ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል! ሆኖም ባሮሜትሩ 620 ሲል «ተበላሽቷል» ብሎ ብሎኑን እያዞረ 760 ላይ የሚያደርሰው አይጠፋም። ውሃ በ94 ዲግሪ ሲፈላ ደግሞ ቴርሞሜትሩ ይከሰሳል። ከሁሉ የከፋው ምልክት የሌለውን ቴርሞሜትር የሚፈላ ውሃ ውስጥ ነክሮ የደረሰበትን ነጥብ 100 ብሎ መጻፍ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ መሣሪያ የሚለካው ሁሉ የተበላሸ ነው።

ስልክም ያሳስታል። የአየር ሁኔታ አፕ ለሐዋሳ 1,015 ሄክቶፓስካል ሊል ይችላል (10 ሄክቶፓስካል 1 ኪሎፓስካል ነው)። ያ በተለያየ ከፍታ ያሉ ቦታዎችን ለማወዳደር ወደ ባሕር ጠለል ተመልሶ የተሰላ ቁጥር ነው። የስልኩ የራሱ ሴንሰር ካለ ግን 825 አካባቢ ያነባል፤ ለሙከራችሁ የሚሆነው እሱ ነው።

ጎሚስታው ጌጅ (የጎማ ግፊት መለኪያ) ላይ 200 ኪሎፓስካል ካነበበ፣ ያ ከውጭው አየር በላይ ያለው ብቻ ነው። በጋዝ ሕግ ስሌት የሚገባው የሐዋሳው 82 ተደምሮ 282 ነው፤ 200ም አይደለም፣ 301ም አይደለም። የውሃ ፓምፕም እንዲሁ ነው፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የውጭው አየር ስለሆነ ባሕር ጠለል ላይ 10.3 ሜትር የሚባለው የመሳብ ጣሪያ እዚህ 8.4 ላይ ያበቃል። የቱቦው ፍትጊያ ሲታሰብ ፓምፑን ከሐይቁ የውሃ ገጽ ከ6 ሜትር በላይ ከፍ አድርጋችሁ ባታስቀምጡት ይሻላል።

የአየር ግፊትን እንደ ውሃ ግፊት በቀጥታ መስመር ማስላት ሌላው ስህተት ነው። ውሃ ሲጫኑት እምብዛም አይታመቅም፤ አየር ግን ይታመቃል፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። በቀጥታ መስመር ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ 47 ኪሎፓስካል ይወጣል፤ በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት ግን 57 ነው። ለትንሽ ከፍታ፣ ለምሳሌ ለሐዋሳው ታቦር ተራራ፣ መስመሩ አይጎዳም፤ በየ100 ሜትሩ 1 ኪሎፓስካል ገደማ ይቀንሳል።

የታቦርን ከፍታ በባሮሜትር ስትለኩ ግን ሰዓት ይጥላል። በእኛ ኬክሮስ ግፊቱ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ከፍ፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል፤ ልዩነቱ ጥቂት ሄክቶፓስካል ነው። ጠዋት ከሥር ለክቶ ከሰዓት ጫፉ ላይ የሚለካ ተራራውን ያለ ዕዳው ከ20 እስከ 30 ሜትር ያስረዝመዋል። ስለዚህ ስትወርዱ መነሻው ላይ እንደገና ለኩ፣ የሁለቱን የሥር ንባቦች አማካይ ያዙ፣ ከእያንዳንዱ ንባብ ጎንም ሰዓቱን ጻፉ።